ማን እንዲያየው ተሠራ?
የዘር በደልን የተቃወመ ጥበብ ሲዳሰስ

በ1935 መጀመሪያ ወራት ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ሁለት የሥዕል ዐውደ ርእዮች በተከታታይ ተከፈቱ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሁለቱም ርእሰ ጉዳይ አንድ ነበር፤ ሊንቺንግ፣ ማለትም ጥቁሮችን ያለ ፍርድ ሰቅሎ የሚገድለው የመንጋ ጭካኔ። የመጀመሪያውን በፌብሩዋሪ ያሰናዳው ለጥቁር አሜሪካውያን መብት የሚሟገተው አንጋፋው ማኅበር ኤንኤኤሲፒ ነው። ቦታ ሊሰጥ ተስማምቶ የነበረው ጋለሪ ቃሉን ስላጠፈ ሌላ አዳራሽ መፈለግ ነበረበት። የማኅበሩ መሪ የዋልተር ዋይት ሐሳብ ግልጽ ነበር። ገንዘብና ተሰሚነት ያላቸው ነጮች መጥተው ሥዕሎቹን ይዩ፤ ይደንግጡ፤ ከዚያም በኮንግረሱ የቀረበውን ፀረ-ሊንቺንግ ሕግ ይደግፉ። ሁለተኛውን በማርች የከፈቱት ለኮሚኒስት ፓርቲው ቅርብ የነበሩ ሠዓሊያን ናቸው። እነሱ ዓይናቸውን የጣሉት በሌላ ተመልካች ላይ ነበር፤ አብሮ እንዲነሣ በሚፈልጉት ጥቁርና ነጭ ሠራተኛ ላይ።

ሕጉ አላለፈም። የደቡብ ሴናተሮች ማለቂያ በሌለው ንግግር ጊዜ እየገደሉ ቀበሩት። ሊንቺንግ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ራሱን የቻለ ወንጀል የሆነው በ2022 ነው፤ ከሁለቱ ዐውደ ርእዮች 87 ዓመት በኋላ። ታዲያ እነዚያ ሥዕሎች ምን ፈየዱ?

ስለ ተቃውሞ ጥበብ በተነሣ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመጣል፤ እንዲህ ሆኖ ሲቀርብ ግን የትም አያደርስም። ሥዕል ሕግ አያወጣም፤ ዘፈንም የታሰረ አይፈታም። ከሐርለም እስከ ጋቦሮኔ፣ ከሎስ አንጀለስ እስከ ቴል አቪቭ የተሠራውን ጎን ለጎን አድርጌ ሳየው ሥራዎቹን የሚለያያቸው የቁጣቸው መጠን ሆኖ አላገኘሁትም። የሚለያያቸው ሁለት ነገር ነው፤ ሥራው ለማን ይናገራል፣ በማንስ መንገድ ተጉዞ ይደርሳል። ብዙዎቹ የተቃውሞ ሥራዎች በዳዩን ያናግራሉ፤ ልቡ እንዲራራ ይማጸኑታል። ተበዳዩን በቀጥታ የሚያናግሩት ጥቂት ናቸው፤ እኔ የማደላውም ለእነሱ ነው።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ደብሊው ኢ ቢ ዱቦይስ በ1926 ጥበብ ሁሉ ፕሮፓጋንዳ ነው፣ መሆንም አለበት ብሎ ተከራከረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላው ጥቁር ምሁር አሌን ሎክ መለሰለት፤ ፕሮፓጋንዳ የበላይን እየለመነም ሆነ እያስፈራራ የሚናገር ስለሆነ የራስን የበታችነት ተቀብሎ ይጀምራል አለ። በ1949 የመጣው ደራሲ ጄምስ ባልድዊን ግን ነገሩን ከሥሩ ነቀነቀው። ገና የሃያ አራት ዓመት ወጣት ሳለ፣ ፓሪስ ተቀምጦ፣ ባርነትን የተቃወመውን ልቦለድ «የአጎቴ ቶም ጎጆ»ን ብቻ ሳይሆን እሱን ራሱን ደግፎት የነበረውን የሪቻርድ ራይትን ልቦለድ ጭምር ተቸ። የተቃውሞ ልቦለድ አንባቢውን አያስጨንቅም፤ እንዲያውም ያጽናናዋል ይላል ባልድዊን። አንባቢው አልቅሶ መጽሐፉን ሲከድን ከደጎቹ ወገን እንደሆነ ይሰማዋል፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ጥቁር ሰው ደግሞ ከነውስብስብ ማንነቱ ጠፍቶ የበደል ማሳያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህ ክስ ለራይት ፍትሐዊ ነበር ብዬ አላምንም፤ በአጠቃላይ ግን እስከ ዛሬ በቂ መልስ አላገኘም።

ክሱን በአንድ ዘፈን ላይ መፈተን ይቻላል። በ1930 በኢንዲያና ግዛት ማርየን ከተማ ሁለት ጥቁር ወጣቶች በመንጋ ተሰቀሉ። አንድ የከተማው ፎቶ አንሺ ከተሰቀሉበት ዛፍ ሥር የተሰበሰበውን ሕዝብ ጨምሮ አነሣቸውና ፎቶውን በሺዎች እያባዛ ሸጠው። ገዢዎቹ ለማስታወሻ ነበር የሚፈልጉት። ያው ምስል ኒውዮርክ ሲደርስ ኤቤል ሚሮፖል የተባለ አይሁዳዊ መምህር አየው፤ እንቅልፍ ነሣው፤ ግጥም ጻፈ፤ ዜማም አበጀለት። በ1939 ጥቁሯ ዘፋኝ ቢሊ ሆሊዴይ «ስትሬንጅ ፍሩት» ብላ ዘፈነችው። ቦታው ካፌ ሶሳይቲ ነበር፤ በዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ አብሮ የሚቀመጥበት ብርቅ የምሽት ክበብ። ዘፈኑ ሊጀመር ሲል አስተናጋጆች ሥራ ያቆማሉ፤ መብራት ይጠፋል፤ ፊቷ ላይ ብቻ አንድ ብርሃን ይቀራል። ሲያልቅ ተመልሳ አትወጣም። አሠሪዋ የሙዚቃ ኩባንያ ኮሎምቢያ አልቀርፅም ስላለ ኮሞዶር በተባለ ትንሽ ኩባንያ ነው የተቀረፀው። አንዱ ወገን ለደስታ የገዛው ምስል በሌላው እጅ ሙሾ ሆነ። ምስሉን የለወጠው አድራሻው ነው።

ይሁንና ሙሾው የተሰማው መጠጥ ለመጠጣት በገቡ ሰዎች ፊት ነበር፤ የባልድዊን ጥርጣሬ እዚህም ይሠራል። በ1955 ሚሲሲፒ ውስጥ የተገደለው የ14 ዓመቱ የኤሜት ቲል እናት የመረጠችው መንገድ የተለየ ነው። በቀብሩ ሥርዓት ሣጥኑ ክፍት እንዲሆን ወሰነች። በቺካጎ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተሰልፈው የተቀጠቀጠውን ፊት አዩ፤ ጄት የተባለው የጥቁሮች መጽሔት ፎቶውን አወጣው፤ በየቤቱና በየፀጉር ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። የኋላው የመብት ትግል ትውልድ ሰዎች ስለዚያ ፎቶ ደጋግመው መስክረዋል። እናትየዋ ሠዓሊ አልነበረችም። ውሳኔዋ ግን የክፍለ ዘመኑ ትልቅ የምስል ሥራ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም፤ ምን እንደምታሳይ፣ ለማን እንደምታሳይ፣ በማን መጽሔት እንደሚወጣ ታውቅ ነበርና።

ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ ዴና ሹትዝ የተባለች ነጭ ሠዓሊ ያንኑ ፊት በዘይት ቀለም ሣለችው። በ2017 ሥዕሉ በኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ሲሰቀል አንድ ጥቁር አርቲስት ከፊቱ ቆሞ ተመልካች እንዳያይ ጋረደው፤ ሌላ አርቲስት ደግሞ ሥዕሉ ወርዶ እንዲጠፋ የሚጠይቅ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈች። ሥዕል ይጥፋ የሚለውን ልደግፍ አልችልም፤ ከሳንሱር ጋር ብዙ የኖረ ሕዝብ ልጅ ነኝ። ከሸራው ፊት የቆመውን ሰው ግን እረዳዋለሁ። እናቲቱ ያሳየችው ዓለም እንዲፋረድላት ነበር፤ የሹትዝ ሸራ ማንን ሊያናግር እንደመጣ ሙዚየሙም ሆነ ሠዓሊዋ አጥጋቢ መልስ አልሰጡም።

የሙዚየሙን በር ማንኳኳት ትተው ወደ ግድግዳ የሄዱም ነበሩ። በ1967 በቺካጎ ደቡብ ሰፈር አንድ የጥቁር አርቲስቶች ቡድን ያረጀ ሕንፃ ግድግዳ ላይ «የክብር ግድግዳ»ን ሣለ። እዚያ የተገረፈ ወይም የተሰቀለ ሰው የለም፤ ማልኮም ኤክስ፣ መሐመድ አሊ፣ ኒና ሲሞን፣ ዱቦይስ ናቸው ያሉት። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሆን ተብሎ ተትቷል፤ ይህም ግድግዳው ከነጩ ተመልካች ምርቃት እንደማይጠብቅ ያሳያል። የሰፈሩ ሰው ይጠብቀው፣ እንግዳ ያስጎበኘው፣ ግጥም ያነብበት ነበር። ሕንፃው በ1971 እሳት ከደረሰበት በኋላ ፈረሰ፤ ልማዱ ግን በመላ አሜሪካ ተዛመተ። ከቡድኑ መሥራቾች አንዱ ጄፍ ዶናልድሰን በ1970 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆነ። የእኛው እስክንድር ቦጎሲያን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዋሽንግተን የደረሰው ወደዚያ ክፍል ነው፤ ሠላሳ ዓመት ገደማም አስተማረ። እስክንድር መፈክር አልሣለም። ጥንታዊ ብራናን፣ ጥቅልል ክታብን፣ ሕልም የመሰለውን የራሱን ሰማይ ይዞ ነው ወደ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች የገባው። ጥቁር መሆን ከአሜሪካ ባርነት በፊት የቆየ ጽሑፍ፣ ቀለምና መንፈስ እንዳለው በሥራው ላሳያቸው ተማሪዎች ያ ከመፈክር አያንስም።

ወደ ደቡብ አፍሪካ ስንሻገር ነገሩ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ኧርነስት ኮል በአፓርታይድ የዘር ምዝገባ «ክልስ» ተብሎ እንዲመዘገብ ስሙን ቀይሮ፣ በዚያም ጥቁር ወደማይገባበት እየገባ ፎቶ አነሣ። ራቁታቸውን በሰልፍ ቆመው የሚመረመሩ የማዕድን ሠራተኞች፣ የተጨናነቁ ባቡሮች፣ መሬት ላይ ተንበርክከው የሚማሩ ልጆች። በ1966 አገሩን ጥሎ ወጣ፤ በ1967 «ሃውስ ኦቭ ቦንዴጅ» የተባለው የፎቶ መጽሐፉ ኒውዮርክ ላይ ታተመ፤ አገሩ ውስጥ ወዲያው ታገደ። ኮል በስደት፣ በድህነት ኖሮ ኔልሰን ማንዴላ በተፈቱ በሳምንቱ በ1990 ኒውዮርክ ውስጥ ሞተ። ፎቶው ዓለምን አስደነገጠ፤ የተነሡት ሰዎች ግን ለብዙ ዓመታት ራሳቸውን ማየት አልቻሉም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተነሣው ሜዱ የተባለው የስደተኞች ቡድን ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቦትስዋና ዋና ከተማ በጋቦሮኔ የከተመ ሲሆን፣ ሠዓሊዎችን፣ ገጣሚዎችንና ሙዚቀኞችን ያሰባሰበ ነበር። ሥራቸው በእጅ የሚታተም ፖስተር ነው። ጥቂት ቀለም፣ ጎላ ያለ መሥመር፣ አጭር ቃል። ፖስተሩ ታጥፎ በድብቅ ድንበር ይሻገራል፤ በሌሊት የሶዌቶ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ጠዋት ፖሊስ ይቀድደዋል። ዕድሜው የሰዓታት ነበር። ጋለሪም ሐያሲም አላስፈለገውም፤ ወደ ሥራ የሚሄደው ሰው ቀና ብሎ ካየው ተልእኮውን ጨርሷል። ጁን 14 ቀን 1985 የደቡብ አፍሪካ ጦር በሌሊት ድንበር ጥሶ ጋቦሮኔ ገባና 12 ሰው ገደለ። ከሟቾቹ አንዱ የሜዱ ሠዓሊ ታሚ ምንዬሌ ነበር። ቡድኑም በዚያው ተበተነ። አንድ መንግሥት ወታደር ልኮ ሠዓሊ ሲያስገድል ሥዕል ምንም አይፈይድም ለሚሉት ከዚህ የከፋ መልስ አይገኝም።

ጥያቄውን ግን የጨረሱት ያ ትግል ያፈራቸው ሰዎች ናቸው። ደራሲው ንጃቡሎ ንዴቤሌ በ1980ዎቹ አጋማሽ የጥቁር ደቡብ አፍሪካ ጸሐፊዎች በጭቆናው ትርኢት ተይዘናል ብሎ ጻፈ። ፖሊስ ይደበድባል፣ ሕዝብ ይወድቃል፤ አንባቢው የሚያውቀውን መልሶ ያነባል። እናት ምን አበሰለች፣ ጎረምሳው ማንን አፈቀረ፣ ጎረቤት በምን ተጣላ የሚለው ተራ ኑሮ የት ሄደ? አፓርታይድ ያንን ኑሮ ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ጸሐፊውም ከተወው በዚህ ነጥብ ከአፓርታይድ ጋር ተስማማ ማለት ነው። በ1989 ደግሞ፣ ቀደም ብሎ በቦምብ ክንዱን ያጣው የፀረ-አፓርታይዱ ንቅናቄ የኤኤንሲ ሰው አልቢ ሳክስ፣ ባህል የትግል መሣሪያ ነው የሚለውን አባባል አባሎቻችን ለተወሰነ ጊዜ እንዳይናገሩት እንከልክል ብሎ ጓዶቹን አስደነገጠ። ከመሣሪያው በኩል ቆሞ መሥዋዕትነት የከፈለ ሰው ነውና ማንም ፈሪ ሊለው አልቻለም። በዚህ ዳሰሳ ካነሣኋቸው ሐሳቦች ሁሉ ንዴቤሌና ሳክስ ያነሡትን የሚያህል አላገኘሁም።

በሌላ አቅጣጫ የሄደ መልእክትም አለ፤ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦክቶበር 1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ስለ ዘር እኩልነት ያደረጉት ንግግር የተነገረው ለመንግሥታት ተወካዮች ነበር። በ1976 ቦብ ማርሊ ያንን ንግግር ቃሉን ሳይርቅ «ዋር» ብሎ ዘፈነው። በጉባኤው መዝገብ ተዘግቶ ሊቀር የነበረ ጽሑፍ በኪንግስተንና በለንደን መንደሮች የወጣቶች አፍ ላይ ገባ።

ለማን እና በማን መንገድ የሚለውን ጥያቄ በሕይወቱ ሙሉ የኖረው ግን ኃይሌ ገሪማ ነው። ጎንደር ተወልዶ በ1967 አሜሪካ የገባው ቴአትር ለመማር ነበር። በሎስ አንጀለሱ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ከቻርልስ በርኔትና ከሌሎች ጥቁር ተማሪዎች ጋር ሆኖ ከሆሊውድ ውጭ የቆመ ሲኒማ ፈጠረ። «ቡሽ ማማ» የተባለው የ1970ዎቹ ፊልሙ ሲጀምር የምናየው ፖሊሶች ጥቁሮችን አስቁመው ሲፈትሹ ነው። ትወና አይደለም፤ የተፈተሹት የፊልሙ ባልደረቦች ራሳቸው ናቸው፤ ካሜራው እየሠራ ነበርና ተቀረፀ። ባለታሪኳ ዶሮቲ ዋትስ ሰፈር የምትኖር፣ ባሏ ባልሠራው ወንጀል የታሰረባት፣ የድጎማ ቢሮ የሚያመላልሳት ሴት ናት። ክፍሏ ውስጥ አንድ ፖስተር አለ፤ ጠመንጃና ሕፃን የያዘች አፍሪካዊት ታጋይ። ዶሮቲ ታየዋለች፤ ቀስ በቀስም ፖስተሩ ይሠራባታል። የነጭ ተመልካች ርኅራኄ በፊልሙ ውስጥ ቦታ የለውም። ምስሉ አንዲት ድሃ ጥቁር ሴት ላይ ምን እንደሚያደርግ ነው ኃይሌ የተከተለው፤ የተቃውሞ ጥበብ እንዴት እንደሚሠራ ይህን ያህል በግልጽ ያሳየኝ ሌላ ፊልም አላውቅም።

«ሳንኮፋ» የተባለው ፊልሙ በ1993 ሲወጣ በርሊን ፌስቲቫል ላይ ተወዳድሮ ነበር። በአሜሪካ ግን አከፋፋይ አልተገኘለትም። ባሮች ራሳቸው ስለሚያምፁበት፣ ነጭ አዳኝም ስለሌለበት ታሪክ ማን ገንዘቡን ያፈሳል? ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት ተከራይተው ራሳቸው አሳዩት። ሰው በሰው እየተጠራራ ለሳምንታት ሞላ። ከዚያ በየከተማው ያሉ የጥቁር ማኅበረሰቦች እየተረከቡት አገሪቱን አዳረሰ። በገቢው ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ በፊልሙ ስም የሚጠራው መጻሕፍት ቤትና ካፌ ተቋቋመ። ኔትፍሊክስ ፊልሙን ያሳየው በ2021 ነው፤ ተመልካቹ ካወቀው ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ። ብዙ የተቃውሞ ሥራ የሚጨርሰው በሚቃወመው ተቋም መልካም ፈቃድ እየተንጠለጠለ ነው። ኃይሌ ፊልሙን ብቻ ሳይሆን የፊልሙን መንገድ ጭምር ሠራ፤ ወጣት ፊልም ሠሪዎቻችን ከሥራዎቹ ይዘት ባልተናነሰ ይህን ቢያጠኑት እመኛለሁ።

ከዚያው መጻሕፍት ቤት ብዙም ሳይርቅ በጁን 2020 የሆነው ተቃራኒውን ያሳያል። ጆርጅ ፍሎይድ ሚኒያፖሊስ ውስጥ በፖሊስ ጉልበት ሥር ከሞተ በኋላ በየከተማው የሚያምሩም የሚያስለቅሱም የግድግዳ ሥዕሎች ወጡ፤ በተገደለበት መንታ መንገድ የተሣለው ለብዙ ጊዜ የሰፈሩ መሰብሰቢያ ሆኗል። የዋሽንግተን ከንቲባ ደግሞ ወደ ዋይት ሐውስ በሚያመራው ጎዳና ላይ «የጥቁሮች ሕይወት ዋጋ አለው» የሚለውን የንቅናቄውን መፈክር በግዙፍ ቢጫ ፊደላት አስጻፈች። ፎቶው ዓለምን ዞረ፤ የከተማዋ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም እዚያ ተሰልፈው ነበር። የንቅናቄው የአካባቢ ቅርንጫፍ ግን በዚያው ቀን ተቃወመው፤ ለፖሊስ የሚመደበውን በጀት ሳይነኩ አስፋልት መቀባት ለእይታ ብቻ ነው አሉ። በ2025 ኮንግረስ ውስጥ የከተማዋን ገንዘብ እናግዳለን የሚል ረቂቅ ሲቀርብ ከተማዋ ራሷ ፊደላቱን በማሽን አስፈለፈለቻቸው። ቀለሙን የሰጠው እጅ ነው ያነሣው። የሜዱን ፖስተር ፖሊስ ሲቀድደው ቢያንስ ቀዳጁና ለጣፊው ሁለት ሰዎች ነበሩ።

ሁሉም ሥራ መንገድ ላይ መውጣት አለበት ማለቴ አይደለም። በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ በ2016 «ኮንጁርድ ፓርትስ (አይ)፣ ፈርጉሰን» የተባለ ሸራ ሠርታለች። መነሻው ማይክል ብራውን በፖሊስ ከተገደለ በኋላ በፈርጉሰን ከተማ የተነሣ የዜና ፎቶ ነው። ፎቶውን እስኪደበዝዝ አሟሟችው፤ በላዩ ጥቁር ጭረት፣ ጥላ፣ የተደመሰሰ ምልክት ደራረበችበት። ሬሳ አይታይም፤ ፊት አይለይም። የጁሊ ሥራዎች በሚሊዮን ዶላሮች ስለሚሸጡ ይህ እንዴት ተቃውሞ ይባላል የሚሉ አሉ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ሸራው የሀብታሞችን ቤትና ሙዚየም አልፎ ፈርጉሰን አይደርስም። ያም ሆኖ የጥቁር ሰው ሞት በየስልኩ በሚዘዋወርበት ዘመን ሬሳውን ደግሞ አለማሳየቷ ትልቅ ውሳኔ ነው። ማርየን ላይ ፎቶውን ለገዙት ሰዎች ዓይነት ዓይን የምትሰጠው ምንም ነገር የለም።

በእስራኤል የቤተ እስራኤል ልጆች የሚሠሩት ገና በመፈተን ላይ ያለ ነው። በ1996 የኢትዮጵያውያን የደም ልገሳ በድብቅ ሲጣል መኖሩ ታወቀ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ወጡ። በ2015 አንድ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ፣ በ2019 የአንድ ወጣት በፖሊስ ጥይት መገደል አገሩን አናወጠ። ኪነ ጥበቡም ከዚህ ጋር አደገ፤ የተናገረው ግን በተለያየ አቅጣጫ ነው። ሽሙኤል በሩ በ2008 በሠራው «ዝሩባቤል» መንገድ የሚጠርግ አባት ስለ ልጁ ያልማል፤ ስፓይክ ሊ የሚል ቅጽል ስም የወጣለት ልጅ ደግሞ ካሜራ ይዞ ቤተሰቡን ይቀርፃል። ኤስቴር ራዳ የኢትዮጵያን ዜማ ከሶል ሙዚቃ አዋሕዳ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ትዘፍናለች፤ የኒና ሲሞንንም ዘፈኖች ተጫውታለች። ካፌ ሻሖር ሐዛቅ የተባሉት የናታንያ ራፐሮች ዕብራይስጡን በአማርኛ ቃላት ያዋዙታል። ወላጆቻቸውን፣ የአገሩን ብዙኃን እና ከባሕር ማዶ ያለውን ጥቁር ዓለም በአንድ ጊዜ ማናገር ከባድ ነው፤ አንዱን ሲያናግሩ ሌላው ይርቃል።

በ1991 ቤተ እስራኤልን ባጓጓዘው በሰሎሞን ዘመቻ በልጅነቷ ወደ እስራኤል የሄደችው ሠዓሊ ኒሪት ታከለ የምትሥላቸው ሰዎች ክብ፣ ግዙፍ፣ ቡናማ አካል አላቸው። ይተቃቀፋሉ፣ ይጨፍራሉ፣ የቤተሰብ ወሬ ይጨዋወታሉ። ንዴቤሌ የጠየቀውን ተራ ኑሮ እዚህ አየሁት። እንዲህ ያለውን ሥዕል ተቃውሞ አይደለም የሚል ተቺ፣ በደሉ የጀመረው ያ ኑሮ እንደሌለ በተቆጠረበት ቀን መሆኑን ቢያስብበት እወዳለሁ።